የሰማህ ላልሰማ አሰማ
(የሕዝብ ማስታወቂያ ከነጋሪት እስከ ድረ ገጽ)



የዘንድሮው መጽሔት አዘጋጆች «እርስዎ የድሮ ሰው ነዎትና ስለ ድሮ ነገር አንድ ጽሑፍ ያምጡልን» ባሉኝ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ዕድራችን አመሠራረት ለመጻፍ ነበር። ይሁንና ይህ ጉዳይ ባለፉት ዓመታት በሌሎች አባላት በሚገባ ተጽፏል። በዚህ መካከል የሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ያዘጋጀው አጀንዳ ደረሰኝ። ከተራ ቁጥሮቹ በአንዱ ላይ «የጥሩምባ ነፊው ሥራ ቀርቶ የቀብርና የስብሰባ ጥሪ በቴሌግራም ብቻ እንዲተላለፍ» የሚል ሐሳብ ሰፍሯል። እሱን ካነበብኩ በኋላ ሌላ ርእስ መፈለግ አላስፈለገኝም።

ነገሩ የእኛ ዕድር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዛሬ ቀበሌው ወረዳ ተብሎ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ቢሮ ተብሎ፣ ጨረታውም፣ የይዞታ ጥሪውም፣ የግብሩም ማሳሰቢያ ከጋዜጣ ወደ ድረ ገጽ እየተዛወረ ነው። እኛ ሽማግሎቹ ጋዜጣ ገልጠን እናገኘው የነበረውን አሁን ልጆቻችን በስልክ ፈልገው ይነግሩናል፤ ካልነገሩንም ያመልጠናል። ስለዚህ ማስታወቂያ በአገራችን እንዴት ተጀምሮ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ባጭሩ ብናየው ለጉባኤው ውይይት ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። መነሻ ጥያቄዬ አንዲት ናት፦ ማስታወቂያ ወጣ የሚባለው ሲለጠፍ ነው ወይስ ሲሰማ?

ነጋሪትና ገበያ

በቀድሞው ዘመን የመንግሥት ቃል ለሕዝብ የሚደርሰው በነጋሪት ነበር። ነጋሪት በቆዳ የተወጠረ ትልቅ ከበሮ ሲሆን ስሙም «ነገረ» ከሚለው ግሥ ጋር የተዛመደ ነው። ነጋሪት የሚጎሰምለት ሰው መሆን ደግሞ ራሱን የቻለ የሹመት ምልክት ነበር። ከበሮው ሲመታ ሰው ሥራውን ትቶ ይሰበሰባል፤ አዋጅ ነጋሪውም ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆሞ ቃሉን ያሰማል። ቦታው ብዙውን ጊዜ ገበያ ነው። ቀኑም የገበያ ቀን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አገር ሁሉ በአንድ ቀን በአንድ ሜዳ የሚገኘው ገበያ ሲቆም ነዋ! ከዚያ ያመለጠው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቅዳሴ ሲወጣ ይሰማል፤ ራቅ ያለውን ደግሞ ጭቃ ሹሙ ይነግረዋል።

አዋጅ ነጋሪው ቃሉን ሲጀምር የሚለውን ሁላችንም እናውቃለን፦ «ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይህችን አነጋገር ስንቀልድባት ኖረን እንጂ ቁም ነገሯን ያስተዋልናት አይመስለኝም። በዚህች ቃል መንግሥት ሁለት ነገር ያምናል። አንደኛ፣ ሁሉም ሰው እዚህ እንዳልመጣ ያውቃል። ሁለተኛ፣ ያልመጣውን የማሳወቁን ሥራ ለሰማው ሰው ያሸክመዋል። እንግዲህ የአዋጁ የመጨረሻ ተሸካሚ ከበሮው ሳይሆን ጎረቤት ነበር ማለት ነው።

ይህ አሠራር ምን ያህል ይሠራ እንደነበር ለማወቅ የዓድዋን ክተት ማስታወስ ይበቃል። ዳግማዊ ምኒልክ የክተት አዋጃቸውን ያስነገሩት በመስከረም 1888 ዓ.ም. ነው። የሸዋው ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ እንዲገናኝ ታዘዘ። ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በድል አለቀ። ጋዜጣ በሌለበት፣ ሬዲዮ በሌለበት፣ ብዙው ሰው ፊደል ባልቆጠረበት አገር ከአዋጁ እስከ ድሉ ስድስት ወር እንኳ አልሞላም። ከበሮና የሰው አፍ ይህን ያህል ሠርተዋል።

ሆኖም ያለፈን ነገር ሁሉ ማመስገን ደግ አይደለም። የነጋሪት አዋጅ ድክመትም ነበረው። ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ይለወጣል። ዛሬ የተነገረው ከዓመት በኋላ «እንዲህ ነው የተባለው»፣ «የለም፣ እንዲያ ነው» እየተባለ ያጨቃጭቃል። ከብት ይዞ ቆላ የወረደው፣ ታሞ የተኛው፣ አራስ ቤት ያለችው ላይሰሙ ይችላሉ። ድሃ ከሹም ጋር በተሟገተ ጊዜ ደግሞ «አዋጁ እንዲህ ይላል» ብሎ እጁ ላይ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። ይህን ጉድለት የሞላው ማተሚያ ቤት ነው።

ከበሮው ወረቀት ሆነ

በአማርኛ የመጀመሪያው ጋዜጣ «አእምሮ» የተጀመረው በምኒልክ ዘመን በ1890ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን አዘጋጁም አንድሬያስ ካቫዲያስ የተባለ የግሪክ ሰው ነበር። መጀመሪያ ላይ በእጅ እየተጻፈ በጥቂት ቅጂ ለመኳንንቱ ይታደል እንደነበር ይታወቃል። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ያቋቋሙት የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በዚሁ ስም የሚጠራው ጋዜጣም በ1917 ዓ.ም. መውጣት ጀመረ። ከጠላት ወረራ በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገቡ በወሩ ገደማ፣ ግንቦት 30 ቀን «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ ተወለደ።

ለእኛ ጉዳይ ግን ከሁሉም የሚበልጠው በዓመቱ የመጣው ነው። በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1 «ነጋሪት ጋዜጣ» ተቋቋመ። ስሙን ልብ በሉ! መንግሥት ሕጉን በወረቀት ላይ ሲያወጣ ያሮጌውን ከበሮ ስም አልጣለም፤ ወረቀቱ ራሱ ከበሮ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሕግ ወጣ የሚባለው በነጋሪት ጋዜጣ ሲታተም ሆነ። በ1937 ዓ.ም. ስለ ማዘጋጃ ቤቶች የወጣው አዋጅ ቁጥር 74ም የታተመው በዚሁ ጋዜጣ ነው። በ1987 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 3 የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ሲቋቋም ደግሞ በጋዜጣው የወጣን ሕግ የመንግሥት አካላትም ሆኑ ማንኛውም ሰው እንደሚያውቁት ተቆጥሮ እንዲሠራበት ተደነገገ። ክልሎችም የየራሳቸውን አቋቋሙ፤ የአማራ ክልል «ዝክረ ሕግ»፣ የኦሮሚያ «መገለታ ኦሮሚያ» ይባላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ለውጥ እንደመጣ ልናስተውል ይገባል። በነጋሪቱ ዘመን ሹሙ ሰው መስማቱን በዓይኑ ያይ ነበር፤ ሰዉ ፊቱ ቆሟላ! በጋዜጣው ዘመን ግን ከታተመ እንደተሰማ ይቆጠራል። ሕግን አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም እንደሚባለው ማለት ነው። ይህ ነገር ፊደል ላልቆጠረ ሰው ከባድ ነበር። ታዲያ ያዳነን ምንድን ነው? ያዳነን አሁንም ጎረቤት ነው። በየሰፈሩ ማንበብ የሚችል አንድ የቄስ ተማሪ ወይም አንድ የተማሪ ቤት ልጅ አይጠፋም ነበር። እኔም ገና አራተኛ ክፍል እያለሁ አባቴ ጋዜጣ ያነበነብኛል፤ የግቢው ሰው ከበን ተቀምጦ «እስቲ እሷን ድገማት» ይለኝ ነበር። የሰማው ሄዶ ለሌላው ይናገራል።

የጋዜጣ ማስታወቂያ ከሕግ አልፎ ወደ ሰው ኑሮ የገባው በፍርድ ቤትና በጨረታ በኩል ነው። በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከወጣ ወዲህ ተከሳሹ አድራሻው ሲጠፋ መጥሪያውን በጋዜጣ ማውጣት የታወቀ አሠራር ሆነ። የሐራጅ ሽያጭ፣ የጠፋ ሰነድ፣ የወራሽነት ጥያቄ፣ ሁሉም በጋዜጣ ጀርባ በደቃቅ ፊደል ይሰለፍ ጀመር። ብዙ ሰው ያን ገጽ ዘሎ ያልፈዋል። እኔም እዘለው ነበር። ከዚህ ቀጥሎ የምተርከው ነገር ከደረሰ ወዲህ ግን ዘልዬው አላውቅም።

የቆሎው ጥቅል

ጊዜው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። አንዲት የዕድራችን አባል፣ ዛሬ በሕይወት የሉም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ወንድማቸው ሞተውባቸው ለቅሶውን እዚሁ ሰፈር ተቀመጡ። ሟቹ ልጅ አልነበራቸውም፤ ሌላ ሰፈር አንዲት ቤት ነበረቻቸው። እትዬ ፊደል አልቆጠሩም፤ ስለ ውርስም ያነሣላቸው ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከሱቅ ቆሎ ገዛሁ። በዚያን ጊዜ ባለሱቅ ቆሎውንም፣ በርበሬውንም፣ ስኳሩንም የሚጠቀልለው በጋዜጣ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ቆሎዬን ጨርሼ ወረቀቱን ልጥል ስል የእትዬን ወንድም ስም አየሁ። ደንግጬ ዘርግቼ አነበብኩት። የሌላው ወንድማቸው ልጅ «የሟች ብቸኛ ወራሽ ነኝ» ብሎ ለፍርድ ቤት አመልክቷል፤ «ተቃዋሚ ነኝ የሚል በዚህ ቀን ቀርቦ ያስረዳ» ይላል። ልጁ በክፋት ይሁን አክስቱም ድርሻ እንዳላቸው ባለማወቅ፣ እግዜር ይወቀው። ቀጠሮው አራት ቀን ቀርቶታል።

በዚያው ማታ የዕድሩን ሰብሳቢ ቀሰቀስን። መዝገባችን ላይ «የወንድም ሞት» ተብሎ ለእትዬ የተከፈለው ገንዘብና ለቅሶው የተቀመጠበት ቀን ተጽፎ ስለተገኘ በማኅተም የተደገፈ የምስክርነት ወረቀት ተሰጣቸው። በቀጠሮው ቀን ፍርድ ቤት ቀረቡ። በመጨረሻም የቤቱን እኩሌታ አገኙ፤ ልጆቻቸውንም ያስተማሩት በእሱ ነው።

ይህን ታሪክ የነገርኩት ጋዜጣን ለማወደስ አይደለም። ሕጉ በሚለው መንገድ ቢሆን ኖሮ እትዬ ድርሻቸውን አጥተው ነበር፤ ማስታወቂያው በሚገባ ወጥቷል፣ እሳቸው ግን አልሰሙም። ያዳናቸው ጋዜጣው ከታተመ በኋላ የሄደበት መንገድ ነው። ጋዜጣ ተነቦ አያበቃም፤ ከቢሮ ወደ ሻይ ቤት፣ ከሻይ ቤት ወደ ሱቅ ይዞራል፤ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ዕቃ ይጠቀለልበታል። ሳትፈልገው መንገድህ ላይ ይመጣል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ሰሌዳና ሬዲዮ

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ማስታወቂያ እንደገና ወደ ጆሮ ተመለሰ። የካቲት 25 ቀን የገጠሩ መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ብዙዎቻችን የሰማነው በሬዲዮ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ሲቋቋሙ ቀበሌ የሚባለው ነገር መጣ፤ ከቀበሌው ጋርም የቀበሌ ሰሌዳ መጣ። የስኳር ራሽን፣ የስብሰባ ጥሪ፣ የቤት ኪራይ መክፈያ ቀን፣ ሁሉም እዚያ ይለጠፋል። ሰሌዳው ያላደረሰውን ድምፅ ማጉያው ያደርሰዋል። የዚያን ዘመን ስብሰባ ብዛትና ያለመቅረብን መዘዝ የምናውቅ እናውቀዋለን፤ አልናፍቀውም። ይሁን እንጂ «አልሰማሁም» ለማለት የሚያስችል አልነበረም፤ የቀበሌው ሰው በር ያንኳኳ ነበርና። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ብዙ እናቶቻችን ሰሌዳውን ራሳቸው እንዲያነቡ አስቻላቸው።

በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ከወጣ በኋላ የግል ጋዜጦች በረከቱ። ጨረታና ክፍት የሥራ ቦታ የሚፈልግ ሰው ሁሉን መግዛት ስለማይችል አራት ኪሎና ፒያሳ ጋዜጣ እየተከራየ ያነብ ነበር። አዲስ አበባም «አዲስ ልሳን» የተባለ የራሷ ጋዜጣ ኖራት፤ የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ በወጣ ቁጥር የባለ ዕድለኞችን ስም ለማየት ስንቱ ተሻምቶበታል! በ2001 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ግዥ አዋጅ ቁጥር 649ም የግልጽ ጨረታ ጥሪ ቢያንስ አንድ ጊዜ በጋዜጣ እንዲወጣ ያስገድድ ነበር።

ድረ ገጽ መጣ

ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ለብዙ ጊዜ የጥቂቶች መሣሪያ ሆኖ ቆየ፤ ኋላ በእጅ ስልክ በኩል ወደ ሰፊው ሕዝብ ደረሰ። የወረቀትና የማተሚያ ዋጋ እየናረ፣ ጋዜጣ አዟሪው ከመንገድ እየጠፋ ሲሄድ መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያቸውን በድረ ገጽ፣ በፌስቡክና በቴሌግራም ማውጣት ያዙ። ሕጉም ተከተለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 መሥሪያ ቤቶች መመሪያቸውን እንዲያስመዘግቡና በድረ ገጽ እንዲያወጡ ያዝዛል። የፌዴራል መንግሥት ግዥም በኤሌክትሮኒክስ ዘዴ መካሄድ ጀምሯል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የግዥ አዋጅ ቁጥር 1333ም የቀድሞውን ተክቷል።

እውነቱን ለመናገር ጥቅሙ ብዙ ነው። መመሪያን ያህል ነገር ቀድሞ በመሥሪያ ቤት መሳቢያ ተቆልፎ ይቀመጥ ነበር፤ ባለጉዳይ «መመሪያው አይፈቅድም» ሲባል «የቱ መመሪያ?» ብሎ ለማየት አይችልም ነበር። ዛሬ ድረ ገጽ ላይ ከወጣ ማንም ያወርደዋል። ጎንደር ያለ ነጋዴ የአዲስ አበባን ጨረታ ለማየት የጋዜጣ መኪና አይጠብቅም። ዋሽንግተን ወይም ጅዳ ያለ ልጃችን የቤተሰቡን ጉዳይ ከዚያው ሆኖ ይከታተላል። ወጪውም ይቀንሳል። ይህን የሚክድ ሰው ካለ እሱ የዘመኑን ነገር አላየም።

ነገር ግን ከጥቂት ዓመት በፊት በእኔው ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ባለይዞታዎች ሰነዳቸውን በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲያቀርቡ ጥሪ አደረገ። እኔ አልሰማሁም። ስልክ በኪሴ አለ፤ ጋዜጣም ሲገኝ አነባለሁ፤ ግን አልሰማሁም። ከሁለት ወር በኋላ በሌላ ጉዳይ ስሄድ አንድ ወጣት ሠራተኛ፣ ትሑት ልጅ ነው፣ «አባባ፣ ድረ ገጻችን ላይ እኮ ወጥቶ ነበር» አለኝ። «እስቲ አሳየኝ» አልኩት። ኮምፒውተሩን ነካካ፣ ፈለገ፣ አላገኘውም። ሌላ ማስታወቂያ ተተክቶበታል፤ የድሮው ተነሥቷል። መቼ እንደወጣ፣ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ምን እንደሚል እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ። ጉዳዬን መልሼ እስካስተካክል ሰባት ወር ተመላለስኩ።

ሰው በርህ ላይ ሳያንኳኳ ቆሞ ሄዶ «መጥቼ አጣሁህ» ቢልህ ምን ትለዋለህ? የድረ ገጽ ማስታወቂያ ለብዙ ሰው እንዲህ ነው። አንተ ሄደህ ካልፈለግኸው እሱ ወደ አንተ አይመጣም። ቆሎ አይጠቀለልበትም። የሱቁ ባለቤት፣ የታክሲው ረዳት፣ የሻይ ቤቱ ደንበኛ መንገድ ላይ አያገኙትም። ሁለተኛው ችግር ደግሞ የታተመ ጋዜጣ አንዴ ከወጣ በኋላ ማንም አይለውጠውም፤ ቀኑ እላዩ ላይ ነው፣ ቅጂውም በቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። ድረ ገጽ ግን ማስታወቂያውን ያወጣው ሰው ራሱ ሊያነሣው፣ ሊያርመው ይችላል። ሦስተኛ፣ መስመሩ ሲቋረጥ ሁሉም ይቋረጣል። ከሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ በነበረ ጊዜ ድረ ገጽ ላይ ብቻ የተለጠፈ ማስታወቂያ ለማን ይደርስ ነበር?

የሌላው አገር ልምድ

ይህ ጣጣ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት ያህል የአሜሪካንን ነገር ላንሣ። በዚያ አገር ማስታወቂያና ጋዜጣ አብረው ያደጉ ናቸው። የመጀመሪያው ምክር ቤታቸው በ1789 እ.ኤ.አ. ሕጎቹ ቢያንስ በሦስት ጋዜጦች እንዲታተሙ ደንግጎ ነበር። ቀጥሎም የየክፍለ አገሩ መንግሥታት የከተማ በጀት፣ የግብር ሐራጅ፣ የግንባታ ፈቃድ ስብሰባ ሁሉ በአካባቢው ጋዜጣ እንዲወጣ አስገደዱ።

በ1950 እ.ኤ.አ. ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሙላን በሚባል ሰው ስም በሚታወቅ ጉዳይ ላይ ጋዜጣውንም መረመረው። አንድ ባንክ በአደራ የሚያስተዳድረው የብዙ ሰዎች ገንዘብ ነበር። ባንኩ ሒሳቡን በፍርድ ቤት ለማጸደቅ ሲጠይቅ ለባለ ገንዘቦቹ ያሳወቀው በጋዜጣ ብቻ ነው። ፍርድ ቤቱ አድራሻቸው ለማይታወቅ ሰዎች ጋዜጣው ይበቃል፤ አድራሻቸው በመዝገብ ላለ ሰዎች ግን ደብዳቤ መላክ አለበት አለ። የሐሳቡ ፍሬ ነገር ለይምሰል የተደረገ ማስታወቂያ ማስታወቂያ አይደለም፤ ሰውየውን ከልቡ ማሳወቅ የሚፈልግ ሰው የሚመርጠውን መንገድ መምረጥ ያስፈልጋል የሚል ነው። እነሆ፣ ነጋሪት መቺው ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ነገር በዳኞች አፍ ተነገረ።

አሁን ደግሞ ጋዜጦች እዚያም እየተዘጉ ነው። የፍሎሪዳ ክፍለ አገር በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ፣ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ የአካባቢ መንግሥታት ዋጋው ከጋዜጣ የሚያንስ ከሆነ ማስታወቂያቸውን በአውራጃው ድረ ገጽ እንዲያወጡ ፈቀደ። በኒው ጀርዚ ትልቁ ጋዜጣ ስታር ሌጀር በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ በወረቀት መታተሙን አቆመ፤ በዚያው ዓመትም ማስታወቂያዎች ወደ መንግሥት ድረ ገጾች እንዲዛወሩ ሕግ ወጣ።

የጋዜጣ ባለቤቶች አጥብቀው ተቃወሙ። ከገቢያቸው አንዱ ነውና ለኪሳቸው ነው ብሎ መናቅ ይቻላል። ቢሆንም አንድ የማይናቅ ነገር ይላሉ፦ ጋዜጣ ሦስተኛ ወገን ነው፤ መንግሥት በራሱ ድረ ገጽ ሲያስታውቅ ግን የሚጠበቀውም ጠባቂውም አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። እኔ ግን ከፍሎሪዳው ሕግ አንዲት ነገር ወድጄለታለሁ። በድረ ገጽ የሚያስታውቅ መሥሪያ ቤት፣ ነዋሪው ስሙንና አድራሻውን ቢያስመዘግብ ማስታወቂያው በፖስታ ወይም በኢሜይል እንደሚላክለት በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ በጋዜጣ ማሳወቅ አለበት። አዲሱን መንገድ ሲጀምሩ የድሮውን በር ጨርሰው አልዘጉትም።

ወደ ዕድራችን ስንመለስ

እንግዲህ ከነጋሪት እስከ ድረ ገጽ ያለውን መንገድ ስናየው ዘዴው በየጊዜው ይለወጣል፤ ከበሮ፣ ወረቀት፣ ሬዲዮ፣ ሰሌዳ፣ ስልክ። ያልተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ በእያንዳንዱ ዘዴና በደካማው ሰው መካከል ሁልጊዜ የሚያደርስ ሌላ ሰው ነበር። ገበያተኛው፣ የቄስ ተማሪው፣ የቀበሌው መልእክተኛ፣ ቆሎ በልቶ ወረቀት የሚያነበው ጎረቤት። ማስታወቂያ ከወረቀት ወደ ድረ ገጽ ሲሄድ የሚያሰጋኝ የወረቀቱ መጥፋት አይደለም፤ ይህ ሰው አብሮ እንዳይጠፋ ነው። ሁሉም «ስልክ አለው፣ ያየዋል» ተብሎ ማንም ለማንም አይነግርምና።

የእኛ ጥሩምባ ነፊ ከዚህ ወገን ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት በብርድ ተነሥቶ፣ ውሻ እየጮኸበት፣ ከየበሩ ቆሞ የሟችን ስምና የቀብሩን ሰዓት ሲናገር ስንት ዓመት ሰማነው! እሱ ያላንኳኳው በር የለም። ዓይናቸው የደከመ እናት፣ ስልክ የሌላቸው አዛውንት፣ ካርድ ያለቀበት ሠራተኛ፣ ሁሉም ለእሱ እኩል ናቸው። ቴሌግራም ይህን አይችልም። በሌላ በኩል ደግሞ ሌላ ክፍለ ከተማ ለተዛወሩት አባሎቻችን ጥሩምባው አይደርሳቸውም፤ ለእነሱ ቴሌግራሙ ግድ ነው። ስለዚህ አንዱን በአንዱ መተካት ሳይሆን ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይገባናል።

ከዚህ በላይ በተዘረዘረው መሠረት ለጠቅላላ ጉባኤው የሚከተለውን ሐሳብ በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ/ የቀብር ጥሪ በቴሌግራም መነገሩ እንዲጀመር፤ ጥሩምባ ነፊውም በሥራው እንዲቀጥል። ድካሙ እንዲቀንስ ስልክ የሌላቸውንና አቅመ ደካሞችን መጀመሪያ እንዲደርስ ዝርዝር ይሰጠው።

2ኛ/ ከወጣት አባሎቻችን ሁለት ተመርጠው በየሳምንቱ ቅዳሜ የወረዳችንንና የክፍለ ከተማችንን ድረ ገጽና የቴሌግራም ገጽ እየተመለከቱ ሰፈራችንን የሚነካ ማስታወቂያ ሲገኝ ከነቀኑ አሳትመው በዕድሩ ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፉ። አንድ ቅጂ በፋይል ይቀመጥ። ነገ «አልወጣም» ወይም «ወጥቷል» የሚል ክርክር ቢነሣ ማስረጃ ይሆነናል። እኔን በቸገረኝ ጊዜ ይህ ፋይል ቢኖር ኖሮ ሰባት ወር ባልተመላለስኩ ነበር።

3ኛ/ ኮሚቴው ለወረዳው ደብዳቤ ጽፎ ነዋሪውን የሚመለከት ማስታወቂያ በድረ ገጽ ሲወጣ አንድ ቅጂ ለየዕድሩ እንዲላክ ይጠይቅ። ወረዳውንም ብዙ ወጪ አያስወጣውም።

4ኛ/ በስብሰባችን መጨረሻ ላይ የሳምንቱ ማስታወቂያ በቃል ይነበብ። ንባቡ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

እኔ ጽሑፌን እዚህ ላይ እፈጽማለሁ። ይህን መጽሔት የምታነቡ ሁሉ ካጠገባችሁ ማንበብ የማይችል አባት ወይም እናት አይጠፋምና ቢያንስ አራቱን ሐሳቦች ንገሯቸው፤ በጉባኤው ቀን ቀርበው ድምፃቸውን እንዲሰጡ። ውሳኔው የሚነካው ከሁላችን በላይ እነሱን ነው።

እግዚአብሔር ለከርሞ በሰላም ያድርሰን።